ዲ ላይ አስቀምጬው ነበር

ላፕቶፔ የሞተው ነሐሴ 2017 ላይ ነው። ቢሮዬ ቸርችል ጎዳና አካባቢ ነው፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለች ጠባብ ክፍል። የትርጉምና የጽሕፈት ሥራ እሠራለሁ። የዚያን ቀን ከሰዓት ዝናቡ ሲወርድ መብራት ሄደ። መጣ። ወዲያው ተመልሶ ሄደ። የላፕቶፔ ባትሪ ከደከመ ቆይቷል፤ ከቻርጀር ከተነቀለ አንድ ደቂቃ አይቆይም። ስለዚህ መብራት በሄደ ቁጥር እሱም አብሮ ድርግም ይላል። ለሦስተኛ ጊዜ ሳበራው ከውስጡ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ስክሪኑ ጥቁር እንደሆነ ቀረ።

ብዙም አልደነገጥኩም። ባክአፕ፣ ማለትም የፋይሎቼ ተጠባባቂ ቅጂ፣ ነበረኝ። መሳቢያዬ ውስጥ አንድ ቴራባይት ሃርድ ዲስክ አለ። ዊንዶውስ ላይ ፋይል ሂስትሪ የሚባለውን ፋይል ገልባጭ ፕሮግራም ከፍቼ በየሳምንቱ እሰካዋለሁ፣ ሥራውን ይሠራል፣ እነቅለዋለሁ። ሁለት ዓመት ያህል እንዲሁ አድርጌያለሁ። አንድም ቀን ግን ከፍቼ ውስጡን አላየሁም።

ዲስኩን ይዤ ጎረቤት ቢሮ ሄድኩና ሰካሁት። ደብዳቤዎቼ አሉ። የደንበኞች ሰነድ አለ። ዴስክቶፕ ላይ የጣልኩት ዝባዝንኬ ሁሉ ሳይቀር አለ። «ፒያሳ ቤት» የሚለው ፎልደር የለም። በስሙ ፈለግኩ፣ በቀኑ ፈለግኩ። የለም። ያኔ ነው እጄ መንቀጥቀጥ የጀመረው።

ፎልደሩ ውስጥ ምን እንደነበረ ልንገራችሁ። የካቲት 2016 ዶሮ ማነቂያ ያደግንበት ቤት ሊፈርስ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ አንድ ሙሉ ቀን እማዬን ይዤ እያንዳንዱን ጥግ በስልኬ አነሳሁ። 412 ፎቶ። 31 ቪዲዮ። ከዚያ ደግሞ የ52 ደቂቃ የድምፅ ቅጂ፤ እማዬ ከክፍል ክፍል እየዞረች ማን የት ይኖር እንደነበር የምትናገርበት። ፊት ለፊት ያለው ክፍል እኛ ከመወለዳችን በፊት የልብስ ሰፊ ነበር። የስፌት መኪናው አራት እግሮች ጣውላውን ጎድጉደውት አራት ጉድጓድ ቀርቷል። ከመስኮቱ አጠገብ ግድግዳው ላይ የደንበኞቹን ልክ በእርሳስ ጽፎ ትቶታል። «ትከሻ 44፣ እጅጌ 61» ይላል አንዱ። ልጅ ሆኜ የቁጥር ንባብ የተማርኩት ከዚያ ግድግዳ ላይ ነው። ቀለም ሲቀባ እንኳ አባዬ ያንን ቦታ ሳይቀባ ያልፈው ነበር።

ይህ ሁሉ ላፕቶፔ ላይ ነበር፤ ሲ እና ዲ ከሚባሉት ሁለት ማስቀመጫዎቹ በአንዱ። ዲ ላይ።

እዚህ ከተማ ኮምፒውተር የነካ ሰው ሁሉ ይህችን ምክር ሰምቷታል። «ፋይልሽን ሲ ላይ አታስቀምጪ፣ ዲ ላይ አድርጊው። ዊንዶውሱ ቢበላሽ ሲን ፎርማት እናደርገዋለን፣ ዲ አይነካም።» ምክሩ ለዚያ ነገር ትክክል ነው። ቫይረስ ገብቶ ስንቴ ፎርማት አስደርጌያለሁ፣ ዲ ላይ ያለው ተርፎልኛል። ግን እንደ እኔ ባለው ላፕቶፕ ሲ እና ዲ ሁለት ቦታ አይደሉም። አንድ ዲስክ ናቸው። አንድ ክፍል በመጋረጃ ተከፍሎ ሁለት ክፍል እንደሚባለው ነው። ጣሪያው ሲወርድ በሁለቱም ላይ ነው የሚወርደው።

ሁለተኛው ነገር ደግሞ ይበልጥ አንገብግቦኛል። ፋይል ሂስትሪ ካልነገሩት በስተቀር የሚገለብጠው ዶክመንትስን፣ ፒክቸርስን፣ ሙዚቃና ቪዲዮውን፣ ዴስክቶፑንም ነው። ዲ ላይ በራሳችሁ የከፈታችሁትን ፎልደር አይነካውም፤ እናንተ ጨምሩበት ካላላችሁት። ማለትም ለጥንቃቄ ብዬ ዲ ላይ ማስቀመጤ ራሱ ከባክአፑ አስወጣው። ፕሮግራሙ አልዋሸኝም። «ጨርሻለሁ» ሲል የታዘዘውን መጨረሱ ነበር። ምን እንደታዘዘ ያልጠየቅኩት እኔ ነኝ።

በማግስቱ ሜክሲኮ አካባቢ ዲስክ የሚያድን ልጅ አለ ተብዬ ሄድኩ። ዲስኩን ጆሮው ላይ አስጠጋው።

«እህቴ፣ ድምፁን ከሰማሽ በኋላ ስንቴ አበራሽው?»

«አራት አምስቴ።»

ዝም አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ አስረዳኝ። ጠቅ ጠቅ የሚለው ውስጥ ያለው አንባቢ ጭንቅላት ቦታውን ሲያጣ ነው። በበራ ቁጥር ጭንቅላቱ የዲስኩን ገጽ ሊጭረው ይችላል። የተጫረ ቦታ ላይ ያለ ፋይል ደግሞ ማንም አይመልሰውም። ይህን አንድ ነገር ብቻ ከዚህ ጽሑፍ ብትወስዱ ደስ ይለኛል፦ ሃርድ ዲስክ እንዲህ ዓይነት ድምፅ ካሰማ አጥፉት፣ ንቀሉት፣ ዳግም አትሞክሩት። ልጁ ሁለት ሳምንት ታገለ። ያወጣው 19 ፎቶ ነው። ከእነሱም ሰባቱ ግማሻቸው ግራጫ ነው።

ስልኬስ? ስልኬ 64 ጊጋ ነው፤ ያኔ ሞልቶ ነበር። ፎቶዎቹን በኬብል ወደ ላፕቶፑ ገልብጬ ከስልኬ አጠፋኋቸው። ጎግል ፎቶስ አለ ብዬ ነበር ልቤ ያረፈው። ግን ጎግል እ.ኤ.አ. ከጁን 1 ቀን 2021 ጀምሮ ፎቶዎችን ከ15 ጊጋባይቱ ነፃ ቦታ ላይ ይቆጥራል። 15ቱ ጊጋ የፎቶ ብቻ አይደለም፤ ኢሜይሉም ድራይቩም የሚካፈሉት ነው። ደንበኞች በኢሜይል የሚልኩልኝ ስካን ቦታውን ሞልቶት ኖሮ ባክአፑ ከወራት በፊት ቆሟል። መልእክቱ እላይ ይታይ ነበር። እኔ በጣቴ ወደ ጎን እገፋው ነበር። የድምፅ ቅጂው ደግሞ ቦታ ቢኖርም አይሄድም ነበር፤ ጎግል ፎቶስ ፎቶና ቪዲዮ እንጂ የድምፅ ፋይል አይወስድም።

የተረፈን በቴሌግራም ነው። የእህት ወንድሞቼ ግሩፕ ላይ ቤቱን ባነሳሁበት ቀን ማታ 168 ፎቶ ልኬ ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን አሉ። ግን ቴሌግራም ላይ ፎቶን እንደ ፎቶ ስትልኩት ያሳንሰዋል፤ የእኔዎቹ ረጅም ጎናቸው 1280 ፒክስል ሆኖ ነው የቀረው። የግድግዳው ፎቶ አለ። የእርሳሱ ጭረት አለ። ሳሰፋው ግን «44» የነበረው እንደ ጭስ ይበተናል። ዋናውን ቢሆን እስከ እርሳሱ ፍርፋሪ ድረስ ነበር የሚያሳየው። እንደ ፋይል ብልከው ኖሮ ሳይነካው ያደርሰው ነበር። የሁለት ንክኪ ልዩነት ነው።

ስልካችሁን ወደ አማርኛ ብትቀይሩት ባክአፕ የሚለውን «ምትኬ» ይለዋል። መጀመሪያ ሳየው ገረመኝ። ምትኬ እኛ ዘንድ የሰው ስም ነው። ልጅ የሞተባት ወይም ዘመድ ያጣች እናት ቀጥሎ ለተወለደው ታወጣዋለች፤ እንደ ካሳ፣ እንደ ማስረሻ። ስሙ የሚወጣው ከሐዘን በኋላ ነው። የኮምፒውተሩ ምትኬ ግን ከሐዘኑ በፊት መወለድ አለበት። ተወልዶም በሕይወት መኖሩን እየሄዱ ማየት ያስፈልጋል።

ይህ የእኔ ብጤው ሰው ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2017 ጊትላብ የተባለው የፕሮግራመሮች ድርጅት አንድ ሠራተኛ ተሳስቶ ዋናውን ዳታቤዝ አጠፋ። 300 ጊጋባይት ገደማ ከነበረው 4.5 ብቻ ሲቀር ነው ያስቆመው። አምስት ዓይነት የባክአፕ ዘዴ ነበራቸው። አንዱም እንደታሰበው አልሠራም። የየቀኑ ባክአፕ በሶፍትዌር ስሪት አለመጣጣም ሲከሽፍ ኖሯል፤ መክሸፉን የሚናገረው ኢሜይልም ተቀባዩ ሳይቀበለው ይመለስ ነበር። ያዳናቸው አንድ ሠራተኛ ለሌላ ጉዳይ ብሎ ከስድስት ሰዓት በፊት ያስቀመጠው ቅጂ ነው። ይህን ሁሉ ራሳቸው ለሕዝብ ጻፉት። እኔ ሳነበው የጸጸቴ እሳት ትንሽ በረደ፤ ግን ትምህርቱ ቀረ። ዝም ያለ ባክአፕ ደህና ነው ማለት አይደለም።

ስለዚህ አሁን ምን አደርጋለሁ?

ወር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ከቡና በኋላ፣ ዲስኩን ይዤ *ወደ ሌላ ሰው ኮምፒውተር* እሄዳለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ጎረቤት ቢሮ ነው። ሦስት ፋይል እመርጣለሁ፦ አንድ ከዓመታት በፊት የተነሳ ፎቶ፣ አንድ በዚያው ሳምንት የሠራሁት ሰነድ፣ አንድ ቪዲዮ። ስማቸውን ማየት አይበቃኝም። እከፍታቸዋለሁ። ቪዲዮውን እስከ መጨረሻው አስኬደዋለሁ። ሰነዱን ገጽ በገጽ አያለሁ። ሃያ ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

ለምን በሌላ ኮምፒውተር? መጀመሪያ ስሞክረው በራሴ አዲስ ላፕቶፕ ሁሉም ተከፈተ። ጎረቤቴ ጋ ስወስደው በ1990ዎቹ የተየብኳቸው የድሮ ትርጉሞቼ የላቲን ፊደልና የምልክት ዝርግፍ ሆነው ወጡ። ፋይሉ አልተበላሸም። ያኔ የምንጽፈው በቪዥዋል ግዕዝና በፓወር ግዕዝ ፎንቶች ነበር፤ የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደል መዝገብ ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ቢሆንም እኛ ጋ የድሮው አተያየብ ብዙ ቆይቷል። ያ ፎንት ያልተጫነበት ኮምፒውተር ፊደሉን አያውቀውም። እኔ ላፕቶፕ ላይ ፎንቱ ስለነበር አልታየኝም። አሁን ፎንቶቹ ራሳቸው ከሰነዶቹ ጋር አንድ ፎልደር ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ዋና ዋናዎቹን ደግሞ ፒዲኤፍ አድርጌያቸዋለሁ። መሥሪያ ቤቶች ስንት የድሮ ፋይል በዚህ መልክ እንዳላቸው ሳስብ እጨነቃለሁ። የምታውቁት ካለ ንገሩት።

ዕቃ ስትገዙም ተጠንቀቁ። ከላፕቶፑ ሞት በኋላ በችኮላ «2 ቴራ» የሚል ፍላሽ ከመንገድ ላይ በርካሽ ገዛሁ። ፋይሎቹን ሲቀበል ምንም አላለም። ስማቸውም መጠናቸውም ይታያል። ቅዳሜ ስሞክር ግን ብዙዎቹ አይከፈቱም። ኤችቱቴስትደብሊው (H2testw) የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ ፍላሹን እስከ አፉ ሞልቶ መልሶ ያነባል። ስሞክረው እውነተኛው ቦታ 32 ጊጋ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ውስጡ ያለችው ቺፕ መጠኑን እንድትዋሽ ተደርጋለች፤ ከ32 ካለፈ በኋላ የምትጽፉት ወይ የትም አይገባም ወይ ቀድሞ የነበረው ላይ ይጻፋል። አዲስ ፍላሽም ሆነ ሚሞሪ ካርድ ሳልሞክር ከእንግዲህ አላምንም።

ሁለት ዲስክ አለኝ አሁን። አንዱ ቢሮ፣ ሌላው ስድስት ኪሎ እህቴ ቤት፣ እማዬ ቁምሳጥን ውስጥ። በየወሩ አለዋውጣቸዋለሁ። ሁለቱን አንድ ቦርሳ ውስጥ ይዤ አልንቀሳቀስም። የማውቀው አንድ የማስተርስ ተማሪ ላፕቶፑንም ሃርድ ዲስኩንም በአንድ ቦርሳ ታክሲ ውስጥ ረስቶ ወርዷል፤ የመመረቂያ ጽሑፉን ከባዶ ነው የጀመረው። ከገለበጥኩ በኋላ ዲስኩን እነቅለዋለሁ። ተሰክቶ የሚውል ዲስክ መብራት ሲመላለስ አብሮ ይመታል፤ ፋይል የሚቆልፍ ቫይረስ ቢገባም እሱንም ይቆልፈዋል።

ሦስተኛው ቅጂ ክላውድ ላይ ነው። ለተጨማሪው ቦታ የሚከፈለው በውጭ ካርድ ስለሆነ ውጭ ያለው ወንድሜ ይከፍልልኛል። የሌሊት ጥቅል ገዝቼ ተኝቼ ሳለሁ ይጫናል። በክላውድ ብቻ መተማመን ግን አልችልም። ሰኔ 2012 መጨረሻ ላይ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ጠፍቶ ከሁለት ሳምንት በላይ ሲቆይ፣ የደንበኛ ሰነድ እዚያ ላይ ተቀምጦ ልደርስበት አልቻልኩም። ደግሞ ብዙዎቻችን ክላውድ የምንለው ሲንክ ነው። ከስልክ ላይ ስታጠፉት ከዚያም ይጠፋል። እህቴ «ክላውድ ላይ አለ» ብላ የልጆቿን ፎቶ ከጎግል ፎቶስ አፑ ላይ አጥፍታ ነበር። በ60 ቀን ውስጥ ስለነገረችኝ ከቅርጫቱ መለስነው። በ61ኛው ቀን ቢሆን አንመልሰውም ነበር።

ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። ይህን ቀመር ያስፋፋው ፒተር ክሮግ የሚባል አሜሪካዊ ፎቶግራፍ አንሺ ነው። ሐሳቡ ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በየገዳማቱና በየአድባራቱ ያሉ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ሲነሱ፣ ቅጂው እዚህ ብቻ አልቀረም፤ አሜሪካ ሚኒሶታ የሚገኝ ገዳምም ተቀመጠ። ዛሬ አንድ ተመራማሪ የመጽሐፉ ቁጥር ካለው ዋናው ያለበት ገዳም ሳይደርስ ያነበዋል። ያን ሥራ የሠሩ ሰዎችን ሳስብ በጣም አከብራቸዋለሁ። አንዱ ቅጂ ቢጠፋ ሌላው የት እንዳለ የሚናገር መዝገብም አዘጋጅተዋል። እኔም አሁን አንድ ደብተር አለኝ፤ የትኛው ዲስክ የት እንዳለ፣ መቼ እንደተሞከረ በእስክሪብቶ ተጽፏል።

ደብተሩ ላይ ሌላም አለ። ስልክ ከጠፋ ጎግል «ስልክህ ላይ ኮድ ልኬያለሁ» ይላል፤ ስልኩ ደግሞ የለም። ለዚህ አሥር የመጠባበቂያ ኮዶች ይሰጣል፤ አትሜ አስቀምጫቸዋለሁ። አዳዲሶቹ ላፕቶፖች ደግሞ ዲስኩን ራሳቸው ይቆልፉታል። ዲስኩን አውጥታችሁ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ብትሰኩት ባለ 48 አኃዝ ቁልፍ ይጠይቃችኋል። ያ ቁልፍ የት እንዳለ ዛሬውኑ እዩ። ቁልፉ ከሌለ ዲስኩ ደህና ሆኖም ፋይሉ የለም።

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ እማዬን ቢሮዬ አመጣኋት። ቡና አፈላሁላት፤ ቴሌግራም ላይ የተረፉትን ፎቶዎች በትልቁ ስክሪን አንድ በአንድ እያሳየኋት እንደገና እንድትነግረኝ ጠየቅኋት። ነገረችኝ። ያኔ 52 ደቂቃ የፈጀው አሁን 34 ሆነ። የጓሮዋን ተከራይ ታስታውሳለች። ማታ ማታ ክራር የሚመታውን ወታደር ታስታውሳለች። ፊት ለፊቱ ክፍል ስንደርስ አራቱን ጉድጓድ በጣቷ ነካች፣ ስክሪኑ ላይ።

«ልብስ ሰፊው…» አለች። ቆየች። «ስሙ ጠፋኝ፣ ልጄ። ያኔ ነግሬሽ ነበር አይደል?»

ነግራኝ ነበር። እኔም አላስታውሰውም።

የዚያኑ ማታ ቅጂውን ሁለቱም ዲስኮች ላይ ገለበጥኩት፣ ክላውድም ላይ ጫንኩት። በማግስቱ ጎረቤት ቢሮ ወስጄ ከሦስቱም ከፈትኩት። ሦስቱንም 34 ደቂቃ፣ 34 ደቂቃ አዳመጥኩ። ሦስቱም ላይ 21ኛው ደቂቃ ላይ እማዬ «ልብስ ሰፊው» ትልና ዝም ትላለች፤ ከውጭ የመኪና ጥሩምባ ይሰማል፣ ከዚያ ሲኒው ሰሃኑ ላይ ሲቀመጥ።